ሰደፍ ላይ ያለችው ጣውንቴ

ባሌ ከአንድ የስማዳ ሰው ጋር ተለዋውጦ ያን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ይዞ የገባ ቀን እኔ ያየሁት ጠመንጃውን አይደለም። ሰደፉ ላይ የተሣለችውን ሴት ነው። ስንት ወታደር የተሸከመው ነውና ቀለሙ ተላልጦ ግማሽ ጉንጯ የለም፤ ዓይኖቿ ግን ሁለቱም ደህና ነበሩ፣ ያውም ትልልቅ። ለለውጥ የሄደችው ጊደር ከእናቴ ቤት ይዣት የመጣሁ ናት። ጊደሬን ነድቶ ሄዶ ሴት ይዞ መጣ!

«ማናት?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ? ሰውየው ከነሥዕሏ ነው የሰጠኝ።»

«ፋቃታ!»

«ምን አደረገችሽ?» ብሎ ሳቀ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። እኛ አገር፣ ታች ጋይንት፣ ጠመንጃ የሌለው ወንድ ሰርግ ላይ ከሴቶች ጋር ቢቀመጥ ይሻለዋል ይባል ነበር። የባሌ እህት ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነውና ጠመንጃው እስከዚያ ሰው መሆን አለበት። ጾሙን ሙሉ ከእርሻ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደሷ ነው። ዝገቱን በአመድ ፈተገ፤ ቃታውን ነቅሎ አጸዳ፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በእርጥብ ጠፍር ጠፍንጎ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ያቃተኝ ቅቤው ነው። ጾም ስለሆነ የናጥኩትን ለራሴ ብዬ በቅል አስቀምጬ ነበር። እሱ ከቅሉ ይዝቅና ሰደፉን ያሻል፤ በአውራ ጣቱ፣ ቀስ እያለ፣ ጉንጯን እየዞረ። እኔ በደረቅ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ምነው ሞቼ ባረፍኩ! ከተጋባን ጀምሮ የኔን ጉንጭ እንዲያ ነክቶት አያውቅም። ሲተኛም ራስጌው ያስደግፋታል።

«ጣውንት መጣብሽ አሉ፤ ደግነቱ እህል አትጨርስ!» ብላ ጎረቤቴ አሾፈችብኝ። እሷ ቀልዷን ነው፤ እኔ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ «ቀለሟን ላሳድሳት» አለና ደብራችንን ሊሥሉ የመጡት ቄስ ዘንድ ወሰዳት። እሰይ! አልኩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሽምብራ ቆሎ ቋጠርኩና ሄድኩ።

«አባ፣ ያቺን የሰደፍ ሴት አንድ ዓይን ያድርጉልኝ።»

«ኃጥእ ትሁን?»

«ባል የቀማች ጻድቅ ልትሆን ኖሯል?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ልጄ፣ ግድየለሽም ተይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ፋሲካ ይለፍና ያኔ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ።

እሳቸውም ለሷ አደሉ! ደሜ ፈላ። «በማርያም ይዤዎታለሁ!» አልኳቸው።

ቄስ በማርያም ተይዞ የት ይገባል? ቀለማቸውን አስቀመጡና «አሁንስ ጉድ ፈላ» አሉ።

የሰርጉ ዋዜማ ባሌ ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣና ጭኔ ላይ አኖረው። «ፍቺው» አለኝ። ሙሽራው እሱ ይመስላል። ፈታሁት። አንድ ዓይን! ጎኗን ዞራ፣ እንደ ይሁዳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አንገቷን አየሁ። ንቅሳት አላት። ከጆሮዋ ሥር አንዷ መስመር ተንጋዳለች። ልጅ ሆኜ መርፌው አሞኝ ስወራጭ የተንጋደደችው የኔዋ መስመር ናት።

ባሌ ግን ያየው ዓይኗን ነው። «ምን አደረገብኝ ይሄ ቄስ! ምሽቴን ሣልልኝ፣ እንዳትነግራት ብዬ በማርያም ይዤው፣ ኃጥእ ያድርግብኝ?» ብሎ ዱላውን አነሣ።

በሩ ላይ እግሩን ይዤ ተደፋሁ። «እኔ ነኝ ያልኳቸው! እኔም በማርያም ይዣቸው ነው!»

ቆመ። እኔን አየ፣ እሷን አየ። ዱላውን ጣለና ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሰርጉ ላይ ሲተኩስ ሥዕሏን ያላየ የለም። «ይቺ ኃጥእ ማናት?» ሲሉት «ምሽቴ ናት» ይላል፤ «ሌላው ዓይኗ ቤት ሆኖ እኔን ይጠብቃል።» እኔ የት ልግባ!

በኋላ ሁለተኛ ዓይን እንዲጨምሩላት ቄሱን ለመንኳቸው። «ጎኗን ለዞረች ሴት የት ላስቀምጥላት?» አሉኝ። እንዲያው ቀረች።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የኔ አንገት ተሸበሸበ፣ ንቅሳቴም ደበዘዘ። የሷ ያው ነው። እኔ መሆኗን አጥቼው አይደለም፤ ብትሆንስ? ባሌ እስኪሞት ድረስ ከናጥኩት ቅቤ መጀመሪያ የምትቀባው እሷ ነበረች። ለኔ የሚደርሰኝ መዳፉ ላይ የተረፈው ነው፤ እሱን ግን በገዛ እጁ ራሴ ላይ ይጠርገው ነበር።