ጂን የገባባት ጮጮ

ሮቤ ውስጥ ሴት መምህር ብቻዋን መጠጥ ቤት ከተቀመጠች፣ ምን እንደጠጣች በማግስቱ ተማሪዎቿ ያውቃሉ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ መጠጥ መቀላቀል ጀመርኩ። ቤቴ ስል አንድ ክፍል ነች፤ በሯ ከአከራዬ ሳሎን ፊት ለፊት ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ሲያከራዩኝ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ መጠጥ ግቢያቸው እንዳይገባ። እሺ ብዬ ገባሁ።

ዝውውር ከጠየቅሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ተተኪ ሲገኝ ይሉኛል። የትኛው ጤነኛ እንደሚተካኝ አልነገሩኝም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርዳል፣ አጥሩም አይታይ፣ መንገዱም አይታይ፤ እኔ ጋቢ ለብሼ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። እንደዚህ ሆኜ የማረጅ ይመስለኝ ነበር።

ጂን የሚባለውን መጠጥ ከጎባ ገዝቼ በነጠላ ጠቅልዬ አስገባለሁ። ቆሻሻ መጣያው ግቢው መሀል ስለሆነ ባዶ ጠርሙሱ አልጋዬ ሥር ይከማቻል። ስልኬ ላይ ያየሁትን ኮክቴል ሁሉ ሞከርኩ፤ ጂን በሎሚና በሪራ ማር፣ ጂን በናና፣ የቀዘቀዘ የሃረና ቡና በአረቄ። በረዶ አያስፈልገኝም፤ የባሌ ውኃ ራሱ ጥርስ ያማል። የቸገረኝ መበጥበጫ ነበር። በላስቲክ ጠርሙስ ስነቀንቀው ማሩ ታች ይቀራል።

አከራዬ ወተት የሚልኩልኝ በጮጮ ነው፤ በወይራ ጭስ የታጠነች፣ ክዳኗ ግጥም የሚል የወተት ዕቃ። አንድ ቅዳሜ ባዶዋን ጠረጴዛዬ ላይ አየኋት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔም ጂኑን፣ ሎሚውንና ማሩን ጨምሬ ነቀነቅኋት። እግዜር ይቅር ይበለኝና ጣፈጠኝ። ጭሱ ጂኑ ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር አድርጎታል። ሮቤ ከመጣሁ ጀምሮ በገዛ እጄ የሠራሁት፣ ደስ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። በፈላ ውኃ አጠብኳትና በሳምንቱ ደገምኩ። ከዚያ በየቅዳሜው ሆነ።

ረመዳን ገባ። አንድ ከሰዓት አከራዬ በሬን አንኳኩ። የራሳቸውን ጮጮ ለወለደች ልጃቸው ልከው ስለነበር እኔ ጋ ያለችውን ፈለጉ። ላጥባት እያልኩ ስንተባተብ አንስተው አሸተቷት። ክው አልኩ። እርሳቸው ግን የወይራው ሽታ አለመልቀቁን ብቻ ወደዱት፤ ለማፍጠሪያ እንድመጣም ነግረውኝ ሄዱ።

እስኪመሽ ድረስ ክፍሌ ውስጥ ተንቆራጠጥኩ። ብናገር ቤቱንም እርሳቸውንም አጣለሁ፤ በዚህ ከተማ ስታመም አጥሚት ይዞ የሚመጣ ሌላ ሰው የለኝም። ዝም ብል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጾመው የሚጠጡት ወተት ጂን ከጠገበ ዕቃ ሊቀዳ ነው። በሃይማኖታቸው ሕጉ ምን እንደሚል አላውቅም። ለእርሳቸው ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

አዛን ሲባል ቢስሚላህ ብለው ቴምር ቀመሱ፣ ለእኔም ሰጡኝ። ከዚያ ወተቱን እንድቀዳ ጮጮዋን አቀበሉኝ። ተቀበልኩና ሆን ብዬ ለቀቅኋት። ወተቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ጮጮዋ ተንከባለለች እንጂ ምንም አልሆነችም።

ያኔ እንባዬ መጣ። አከራዬ ምንጣፉን ዞር ብለው ሳያዩ አቀፉኝ።

«አታልቅሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ወተቱን ላሟ ትሰጠናለች። ነገ በወይራ አጥናታለሁ፣ እንደገና እንሞላታለን።»

ደረታቸው ላይ ሆኜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ ነው። ስለ ወተቱ መስሏቸው ይቅር አሉኝ።