ቀድሞ የገባው ስለት

የሸዋወርቅን ጥላ በሰፈሩ ያላየ የለም። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያው በወርቅማ ዘርፍ የተንቆጠቆጠ። ልጇ ቤዚ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ባለፈች ዓመት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል፣ ከናዝሬት ቁልቢ ድረስ ተሸክማው ሄደች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል «ልጄን ዶክተር ላደረግህልኝ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ስለት የሚገባው የለመኑት ነገር ከደረሰ በኋላ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ሸዋወርቅ ግን መታገስ አልሆነላትም። ልጅቷ ገና የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም ነበር። ሰፈሩም አላረፈም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዚን «ዶክተር» እያለ ይጠራት ጀመር። በፊት ጊዜ አራተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ለጎረቤት ደብዳቤ እያነበበ ተከብሮ ይኖር ነበር። ዛሬ ዶክተር ያልሆነ ሰው አይባልም።

ጠቡ የተነሣው ሐምሌ ሲገባ ነው። ቤዚ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ መጣች። ውጤቷ ሕክምና ያስገባል፤ የምትማረውን መርጣ መሙላት ግን የራሷ ፈንታ ነበር። እራት ላይ ተናገረችው።

«እማዬ፣ እኔ ሕክምና አልሞላም። ግብርና ነው የምማረው።»

ሸዋወርቅ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«መልካሳ ወስደው ያዞሩሽ ቀን ነው የተበላሸሽው!»

እውነቷን ነው። ቤዚ ከትምህርት ቤት ጋር መልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሄዳ፣ ዝናብ በከዳው መሬት ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ማሽላ አይታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ጓሯቸው ጣሳ በጣሳ ሆነ፤ በየጣሳው ማሽላ፣ ቦሎቄ፣ ያገኘችው ዘር ሁሉ።

የሸዋወርቅ ታላቅ ወንድም ማስረሻ ነገሩን ሲሰማ፣ ከደብረ ዘይት ድረስ ለጠብ ተነሥቶ መጣ።

«ገበሬ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ? አያትሽ ያለ ዲግሪ አርሶ አልበላም እንዴ!»

«ጋሼ፣ እርስዎስ እስከ ዛሬ የበሉት ከየት የመጣ መሰለዎት?»

«ዝም በይ! እናትሽን ገብርኤል ፊት ልታዋርጂ፣ ጭራሽ መልስ ትመልሻለሽ?»

ሰፈሩም አልተዋትም። ሳሙና ልትገዛ ብትሄድ፣ ባለሱቋ ዙለይካ ገበያተኛው ፊት ጮክ አለች።

«ዶክተርዬ! ወገቤን ታይልኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ፣ ጎመን ልትተክይ ነው አሉ?»

ሰው ሁሉ ሣቀ።

«ለወገብዎ ጎመንም አይከፋም፣ እትዬ ዙለይካ» አለችና ወጣች። ቤት ስትደርስ ነው ሳሙናውን እዚያው ትታው መምጣቷ ትዝ ያላት።

ማንም ያልጠየቃት አንድ ነገር ነበር። አባቷ ሰይፈሚካኤል ሲሞት ቤዚ ትንሽ ልጅ ነበረች። ሸዋወርቅ በሆስፒታሉ ኮሪደር ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ እየተከተለች ስትለምን፣ ልጅቷ የአባቷን እግር ይዛ ቆማ ነበር። እግሩ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። ሸዋወርቅ ከዚያ ኮሪደር ስለቷን ይዛ ወጣች፤ ቤዚ ሽታውን ይዛ ወጣች። እስከ ዛሬ በረኪና ሲሸታት ካለችበት ክፍል ትወጣለች።

ምርጫው በሚዘጋበት ቀን እናትና ልጅ ሳሎን ተፋጠጡ። ቤዚ ስልኳን ይዛለች።

«በቃሌ የቆምኩ ሴት ነኝ!» አለች ሸዋወርቅ። «መልአኩን ምን ልበለው?»

«እውነቱን በይው! ያልሆነውን ሆነልኝ ብለሽ እልል ያልሽው አንቺ ነሽ። የዋሸሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሸዋወርቅ ብድግ ብላ ጓሮ ወጣችና ጣሳዎቹን በእግሯ እየመታች ገለበጠቻቸው። ቤዚ በመስኮት እያየቻት ስልኳን ነካችው።

«ሞላሁት» አለች፣ እናቷ ስትገባ።

«እንግዲያው እናት የለሽም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት እየኖሩ ተዘጋጉ። ምግብ ይከደናል፣ ይበላል።

የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ጠዋት ሸዋወርቅ ነጭ ለብሳ ወጣች። ብብቷ ሥር አዲስ ጥላ አለ፤ ከፋይ የለው፣ ዘርፍ የለው፣ ተራ ጥላ። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ቤዚ ሻንጣዋን ልታነሣላት እጇን ሰደደች።

«አትንኪብኝ!»

«እማዬ፣ ይሄኛው ጥላ ለምንድነው?»

«ለይቅርታ።»

የቤዚ ዓይን እንባ አቀረረ። «እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«የዋሸሁት እሱን ነው» አለች ሸዋወርቅ፣ ባጃጁ ውስጥ እየገባች። «ይቅርታ የምለውም እሱን ነው። አንቺን አይደለም።»

ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ቤዚ ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያ ጓሮ ገብታ ጣሳዎቿን ታቃና ጀመር።