ደገፋ የቆጠረው ምስክር

ደገፋ ቀጄላ ጎህ ሲቀድ ከሱሉልታ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወርዶ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ረፋዱ ሆነ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ባዶ እጁን ከቀረበ ከወንዙ በላይ ያለው መሬቱ መሄዱ ነው። ከዚያ ሌላ የሚያርሰው የለውም፤ ልጆቹ ግን ስድስት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተረፈች ደቻሳ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ «መሬቱ የአባቴ ነው» ብላ ከሰሰችው። አባቷ ደቻሳ ጠላት አገር በገባ ጊዜ ዘምቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እሷ ያኔ ጡት እንኳ አልጣለችም። ወረቀት የላት፣ ምስክር የላት። ደገፋ ደግሞ ችሎት ፊት ሲቆም ልቡ የሚያብጥ ሰው ነውና ጋቢውን አጣፍቶ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! እኔ የምቆጥረው ምስክር የአባቴን ዳዊት ነው!» አለ። አባቱ ኦቦ ቀጄላ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ሊሞቱ ሲያጣጥሩ፣ «የመሬቱ ነገር በዳዊቱ መጨረሻ ቅጠል ላይ ተጽፏል፤ ከእጅህ እንዳታወጣው፣ አስነብበው» ብለውታል። በዚያ አገር የርስት ነገር፣ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ውል የሚጻፈው ከመጽሐፍ ኋላ ባለ ባዶ ብራና ላይ ነው፤ ከሰው ይልቅ እሱ ይታመናል።

ዳኛውም፣ «የቆጠርከው ምስክር ያለውን ሁሉ ትቀበላለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ንጉሥ ይሙት፣ እቀበላለሁ!»

የማለው እንግዲህ እጁ ላይ በሌለ መጽሐፍ ነው። ደገፋ ከቄስ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ሳምንት የኮበለለ፣ ሀን ከሁ የማይለይ ሰው ነው። አባቱን በቀበረ በሦስተኛው ዓመት ዳዊቱን ለአንድ መጽሐፍ ሰብሳቢ ሸጦታል። አስነብበው መባሉን ረስቶት አይደለም፤ መሬቱን እያረስኩት ምን አስነብባለሁ ብሎ ነው። አሁን ያን ሰብሳቢ ቤቱ ድረስ ቢፈልገው፣ ሰውየው ሞቷል፤ መጻሕፍቱም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል።

በሩ ላይ ዘበኛው፣ «ምን ፈልገህ ነው?» አለው።

«ዳዊቴን።»

ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። «ለጉብኝት ከሆነ ከነዚህ ጋር ግባ። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

እነዚህ የተባሉት ከሰበታ በአውቶቡስ የመጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ወንዶቹ ከረባት አስረዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። በዕድሜው ለጉብኝት ከቤቱ ወጥቶ የማያውቀው ደገፋ፣ ያ ሁሉ እሳት ውስጡ እየነደደ ከጎብኚዎቹ ኋላ ተሰለፈ።

የሚያስጎበኛቸው አለሙ የሚባል ወሬ የማይጠግብ ተማሪ ነው። ግቢው ቀድሞ ቤተ መንግሥት እንደነበረ ተናገረ፤ ይህን ለማለት ሩብ ሰዓት ፈጀ። የደረጃውን ድንጋይ፣ የአትክልቱን ዛፍ፣ ያረፉትን የውጭ እንግዶች እያነሣ አወራ። ሰዎቹ በየዛፉ ሥር ፎቶ ተነሡ። ደገፋ ዛፍም ድንጋይም አልታየውም፤ የሚያየው ፀሐይዋን ብቻ ነው።

«መጽሐፍ ቤቱስ?» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ይደረሳል፣ አባቴ።»

«ምን ያስቸኩልዎታል፣ ኦቦ?» አለችው አንዲት የሰበታ ሴት። «ዛሬ እኮ ሽርሽር ነው!»

ደገፋ አልፏት ከአለሙ አጠገብ ቆመ።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን አወለቀና መቃኑን ተሳለመ። አለሙ ሊስቅ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወው። ውስጡ ጸጥ ብሏል። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ያነባል፤ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ እንኳ የለም። ደገፋ ዙሪያውን የተደረደረውን መጽሐፍ አየ። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ ዳዊት እንዴት ይገኛል? አለቀልኝ አለ በልቡ።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቂት ብራናዎች ነበሩ። የሦስተኛው የእንጨት ሽፋን፣ ገበታው፣ ተሰንጥቆ በጠፍር ተሰፍቷል፤ አባቱ ሲሰፉት ደገፋ በዓይኑ አይቷል።

«ዳዊቴ!» ብሎ ጮኸ።

አንባቢው ሁሉ ቀና አለ። ሮማነወርቅ የተባለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እየተጣደፈች መጣች። «አባቴ፣ እዚህ አይጮህም» አለችው። ደገፋ የሷን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ስለ መሬቱ፣ ስለ ሰኞው ቀጠሮ፣ ስለ ስድስቱ ልጆቹ አንድ በአንድ ነገራት። ሰበታዎቹም «እባክሽ፣ እህቴ» አሏት። ቁልፍ አምጥታ ሣጥኑን ከፈተች፤ የመጨረሻውን ቅጠል ገልጣ በቀስታ አነበበችለት።

«ይህን የጻፍኩ እኔ ቀጄላ ነኝ። ጎረቤቴ ደቻሳ ሲዘምት ከወንዙ በላይ ያለውን መሬቱን በአደራ ሰጠኝ። ብቀር ለልጄ ለተረፈች መልስላት ብሎ አስማለኝ። በሕይወቴ ልመልስ አስቤ ልጆች በዙብኝና ዘገየሁ። ልጄ ደገፋ ይመልስ። ይህን የፋቀና የካደ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን።»

«ያ ዋቅ! አምላኬ!» አለ ደገፋ። «ሌላ አይልም?»

ቅጠሉን ገለበጠች። ከዚያ ወዲያ ገበታው ነው።

ሰበታዎቹ አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ። ደገፋ ልጆቹ ታዩት፤ ከዚያ መሬት ሌላ በልተው አያውቁም። ችሎት ላይ ያቺን ሴት ቀጣፊ ያላትም ትዝ አለውና ራሱን ጠላ።

«ልጄ፣ ይህን ከአንቺ ሌላ ያነበበ አለ?»

«እንጃ፤ ጎብኚ የሚያየው ሥዕሉን ነው።»

«ያቺ ሴት ብትመጣ ታነቢላታለሽ?»

«ለመጣው ሁሉ እናነባለን፣ አባቴ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አንባቢዎቹ መጽሐፋቸውን እያጠፉ መውጣት ጀመሩ። እሱም አብሯቸው ቢወጣ የሚይዘው አልነበረም። ሰኞ ሄዶ፣ ፈልጌ አጣሁት ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው።

«በይ ገልብጪልኝ» አላት።

ተቀምጣ ቃል በቃል ጻፈች፤ ማኅተም መታችበት። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ «ግልባጩ በማን ስም ወጪ ይሁን?» አለችው።

«በተረፈች ደቻሳ» አለ።

ድምፁ ስላልወጣ አልሰማችውም፤ ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ ነገራት።