የምስማር ድምፅ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ጢጥ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ትልልቆቹ ከልጆቹ ወረሱ፤ አሁን በራቸውን የሚያንኳኳ ሁሉ «ጢጥ አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሥራው ቧንቧ ነው። በአካባቢያችን እሱ ያልፈታው ቧንቧ፣ እሱ ያልከፈተው የተደፈነ ፍሳሽ የለም። በዕረፍት ቀኑ ግን ዲቴክተሩን ተሸክሞ ይጠፋል።

ዲቴክተር የሚሉት ማሽን ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የመሰለ ነገር አለው። መሬት ላይ ሲያንዣብቡት ከሥር የተቀበረውን በድምፅ ይናገራል። ወርቅ፣ ብር ወይም ሳንቲም ከሆነ በቀጭኑ «ጢጥ» ይላል። ምስማር ወይም የዛገ ብረት ከሆነ ደግሞ እንደራበው ሆድ «ጉርር» ይላል። ጢጥ ሲል ይቆፈራል፣ ጉርር ሲል ይታለፋል። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ሰው ሁሉ ጢጥ አንድ ቀን ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ይዞ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ላም አለኝ በሰማይ! በአሥራ ሁለት ዓመት ያገኘው ነገር አንድ የብስኩት ጣሳ አይሞላም። መገበያያነታቸው የቀረ ሳንቲሞች፣ የኮት ቁልፎች፣ ጓደኛዋ የጠፋባት አንዲት የጆሮ ጌጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ከኳስ ሜዳው ዳር እውነተኛ የወርቅ ሐብል አወጣ፤ እሱንም ባለቤቷን አፈላልጎ ሰጣት። በሆዴ ነገር አያድርምና «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቆፍረህ ያገኘኸውን አንድ ወርቅ ታድላለህ?» አልኩት። «የጠፋበት ሰው እንቅልፍ የለውማ» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

እህቴ ግን አብራው ትወጣለች። ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ እሱ ይቃኛል፣ እሷ ትሠራለች። ውሎ አድሮ ጆሮዋ ከእሱ ጆሮ በለጠ። ማሽኑ ሲጮህ ቀና እንኳን ሳትል «ተወው፣ ምስማር ነው» ትለዋለች፤ እሱም ይተወዋል። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳራቸው ውስጥ እኔ የሰማሁት ትልቁ ጭቅጭቅ አንዱ ድምፅ የጠርሙስ ክዳን ነው፣ የለም ሳንቲም ነው የሚል ነበር።

ስለ ቀለበቷም ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። በየዓመቱ የተጋቡበት ቀን ሲደርስ ጢጥ ራሱ ከጣቷ ያወልቅና «ላስወልውልልሽ» ብሎ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይወስደዋል። ማታ ይዞት ሲገባ ዛሬ የተገዛ ይመስላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ባሌን ስንት ዓመት አንገቱን አስደፍቼዋለሁ! «ከሰው ባል ተማር! አንተ የኔን ቀለበት መልኩን እንኳን ታውቀዋለህ?» እለው ነበር። 

ባለፈው ዓመት እህቴን ሆዷን አመማት። ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል ስትል ወራት አለፉና መጨረሻ ላይ ዕጢ ነው ተባለ። እሱን የሚያወጣው ዶክተር ወደዚህ ሆስፒታል የሚመጣው በሁለት ወር አንድ ጊዜ ነው። ቀጠሮዋ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። ዶክተሩ እኔንና ጢጥን ለብቻ ጠርቶ «ሐሙስ ካለፋት ለሚቀጥለው አትደርስም» አለን። ጢጥ አመስግኖ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ሰኞ ሆስፒታል ገብታ አልጋ ያዘች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ ጓሮ ካለው ቧንቧ እጇን ታጠበችና ውሃውን አራገፈች። በቃ፣ ይኸው ነው። በሽታው ጣቶቿን የክብሪት እንጨት አድርጓቸው ስለነበር ቀለበቱ ከውሃው ጋር አብሮ በረረ። አጠገቧ ቆሜ የት እንደወደቀ አላየሁም።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠችና «አልገባም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይሄን ቀለበት ከባሌ እጅ በቀር ማንም አውልቆት አያውቅም። አሁን ለቀዶ ጥገና ልገባ ስል ብቻውን ወለቀ። መልእክት ነው። ሳይገኝ አልገባም።»

ነርሷ ብትመጣ፣ «እናቴ፣ ቢገኝም እኮ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገቡ ያወልቁታል» ብትላት፣ «አውልቄ ለባሌ እሰጣለሁ። ማውለቅና መጥፋት አንድ ነው እንዴ?» አለቻት። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ጢጥ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ሙያው እንደሚያዘው የፍሳሹን ክዳን ፈትቶ እስከ ብብቱ እጁን ከተተ። የለም። ማክሰኞ ጠዋት ዘበኛውን አስፈቅዶ ማሽኑን ይዞ ገባ። ሌሊቱን ዘንቦ፣ በሽተኛና አስታማሚ ውሃ ሊቀዳ ሲመላለስ የቧንቧውን ዙሪያ ጭቃ አድርጎት ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጓሮው ድሮ የሆስፒታሉ እንጨት ቤት መሆኑ ነው። ቤቱ ሲፈርስ እንጨቱን ወሰዱ፣ ምስማሩ እዚያው ቀረ።

ሌላ ጊዜ የማሽኑን ማዳመጫ አያደርግም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰክቶ ሁለት ጆሮውን ድፍን አድርጎ ሠራ፤ ድምፁን እኛ አንሰማም። ለእህቴ ብርድ ልብስ ደርቤላት ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። «ያገኘዋል» ትላለች። «የሰው ሁሉ ሲያገኝ ኖሮ የኔን ያጣል?»

ቀትር ላይ ውሃ ልሰጠው ስሄድ ያወጣውን አየሁ። አንድ ባልዲ ምስማር ነው።

«ጋሼ፣ ምስማር ሲሆን ትተወው አልነበር እንዴ?»

«ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል» አለኝ። አላየኝም።

ረቡዕም እንዲሁ። እህል የሚባል በአፉ አልዞረም። የጣቶቹ ጫፍ ተላልጦ ጭቃው ላይ ደም ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ባልዲ ሞላ። ሰውዬው አበደ ብዬ ደመደምኩ። እህቴ ከአግዳሚው ላይ «በርታ!» ትለዋለች፤ ድምፅዋ ስለማይሰማው እጁን እያነሳ ይመልስላታል። እንደዚያ ሲተያዩ ማየት አልቻልኩም፤ ዞሬ አለቀስኩ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ የቀዶ ጥገናውን ልብስ ይዛ መጣች። እህቴ ሳትለብሰው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ተኩል ላይ ደግማ መጣች። «እናቴ፣ ሌላ በሽተኛ ያስገቡብዎታል።»  የእህቴ ዓይን ጢጥ ላይ ነው።

በዚህ መሀል ጢጥ ጎንበስ ሲል የማዳመጫው ገመድ በቧንቧው እጀታ ተያዘና ተነቀለ። የማሽኑ ድምፅ ጓሮውን ሞላው። «ጉርር!»

ጢጥ ገመዱን ሊመልስ አልቆመም፤ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ ገፍቶ ተንበርክኮ ቆፈረ። ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ማሽኑ በቀጭኑ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ጢጥ» አለ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። እሱ ግን እንዳልሰማ አለፈው። ቀጥሎ «ጉርር» አለ፤ ተንበርክኮ ቆፈረ።

እህቴ ቀስ ብላ ተነሳች። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። ጭቃውን በነጠላ ጫማዋ እየረገጠች ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አንተ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ቀለበትሽን።»

«ጢጥ ሲል አለፍከው፤ ጉርር ሲል ትቆፍራለህ። የኔ ቀለበት ወርቅ አይደለም እንዴ?»

ጢጥ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አይደለም» አለ።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ብረት ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ። ያኔ ተለማማጅ ነበርኩ። ከሥራ የተረፈች ቁራጭ ነበረች፤ ከላይዋ ላይ ቆርጬ፣ ሁለት ሳምንት በሞረድ ሞርጄ፣ ወርቅ ቅብ አስነከርኳት። ሲያልፍልኝ በወርቅ እቀይራታለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ለሰው ሁሉ አሳየሽው። አፌ ተያዘ።»

«በየዓመቱ ላስወልውልልሽ የምትለኝስ?»

«ቅቡ ሲለቅ እንደገና አስነክረው ነበር።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሱ እያደር ሲከብድ ኖሯል፤ ይኸው ጭቃ ላይ አስቀመጠው። እኔ በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ፣ አፈር ልብላና፣ የራሴ ባል ነው። ያን ሁሉ ዓመት በቧንቧ ስሰድበው ኖሬያለሁ።

እህቴ ዝም አለች።  አሁን ወደቀች ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ። ለካስ ዝምታው የስድብ ማሰላሰያ ነው።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር» አለች። «እኔ ጠጠርም አልደረሰኝ፤ ቧንቧ! ሠላሳ አምስት ዓመት ቧንቧ አድርጌ፣ በየሄድኩበት እጄን እያሳየሁ! እናቴ ስማ ያለቀሰችው ቧንቧ ነው! አንተ ሌባ! አንተ አፈር ገልባጭ! አሥራ ሁለት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ጢጥና ጉርርን አስተምረኸኝ፣ የገዛ ጣቴ ጉርር ሲል ሳትነግረኝ?»

ስንት ወር አመድ መስሎ የኖረው ፊቷ ቀላ። ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ እየሮጠች መጥታ «ዶክተሩ እጁን ታጥቧል፤ የመጨረሻ ነው» አለች።

«መጣሁ!» አለች እህቴ።

«ወዴት?» አልኩ እኔ ጅሏ።

«ወደ ውስጥ ነዋ! ይሄን ሰውዬ ሳልጨርሰው እሞታለሁ እንዴ? የሠላሳ አምስት ዓመት ስድብ አለብኝ።» ከዚያ ወደሱ ዞረች። «አንተ ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል። ስወጣ ቧንቧዬን በጄ ታደርጋለህ። ዋ!»

ተሽከርካሪ ወንበሩን እምቢ ብላ በእግሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳለፍነው አላውቅም። እኔም ማንኪያ ይዤ ወረድኩና አብሬው ቆፈርኩ። ምስማር፣ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ደግሞ ምስማር። ለማሽኑ እኮ ቀለበቱና ምስማሩ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ጉርር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የማሽኑ ባትሪ አለቀ። ጢጥ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፣ ነቀነቀው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ማንኪያዬን ይዤ አጠገቡ ሄድኩ።

«አሁንስ ባትወጣ?» አለኝ። «ሳትሰድበኝ ብትቀር ምን ይውጠኛል?»

 ትወጣለች እንዳልለው እኔም ተስፋ አልነበረኝም። ለሐሙስ ደረሰች እንጂ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው የደረሰችው፤ ዶክተሩ ይህንንም አልደበቀንም። ተንበርክኬ ጭቃውን በእጄ መጫር ቀጠልኩ። ወዲያው ጢጥ ተነስቶ ሲሄድ ሰማሁ። ጥሎ ጠፋ ብዬ ሰደብኩት። ግን የሄደው የሆስፒታሉ ቧንቧ ወደሚጠገንበት ክፍል ነበር፤ ሲመለስ የመሣሪያ ቦርሳውንና አንዲት ቁራጭ ቧንቧ ይዟል። ግማሽ ኢንች።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ለፊት ደጅ ላይ አግዳሚ አለ። እዚያ ተቀመጠ። ቧንቧዋን በሁለት ጉልበቱ መሀል አጣብቆ፣ በብረት መጋዝ ከጫፏ ላይ ስስ ክብ ቆረጠ። ከዚያ ሞረዱን አወጣ። ሂያ ሂያ፣ ሂያ ሂያ። የብረቱ ዱቄት ሱሪው ላይ ይረግፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ልትቆጣ መጣችና እጁን አይታ ተመለሰች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ያችን ክብ ስትሳሳ አየሁ። የተላጠው ጣቱ ስለሚደማ በየመሀሉ በሸሚዙ ይጠርጋታል። ወርቅ ቅብ የለ፣ ምን የለ፤ ራቁቷን ብረት ናት።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል በሩ ተከፈተ።

ተነሳሁ። ጢጥ ቀና አላለም። ሞረዱን አፈጠነው።

«ጋሼ፣ ነርሷ ወጣች» አልኩት።

«ቆይ፣ ገና ነኝ» አለ። ገባኝ። ሞረዱ እስካልቆመ ድረስ ማንም ምንም አልነገረውም ማለት ነው።

ነርሷ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች። ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሌላ የሚነበብ ነገር አጣሁ። «ባለቤታቸው የትኛው ናቸው?» አለች። በአገጬ አመለከትኳት። ጎንበስ ያለውን ራሱን ጥቂት አየችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ነቅተዋል። አፋቸው ገና አልተፈታም፤ ግን አንድ ነገር ይደጋግማሉ። ይቅርታ አድርጉልኝና... ‹ያ ሌባ አለ ወይ?› ነው የሚሉት።»

ሞረዱ ቆመ። ጢጥ በሁለት እጁ ቀለበቷን እንደያዘ እንባው ብረቱ ላይ ወረደ። አውራ ጣቱን በጠርዟ ላይ አዙሮ አዙሮ ዳሰሰ።

«አለ በይልኝ» አለ። «ጠርዟን አልጨረሰም በያት። እንዲህ ካሰርኩላት ይቆርጣታል። ትንሽ ትጠብቀኝ።»