ቀኝ ጆሮዬና የጓደኞቼ ፕሌይሊስት

በመጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ጓደኛዬ መሠረት በጠዋት ደወለችልኝ፤ እኔ ግን ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ምነው አትናገሪም?» እያልኩ እቆጣለሁ። ወደ ግራ ሳዞረው እሷም እየጮኸች ኖሯል። ቀኝ ጆሮዬ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። አላመመኝም። ውስጡ ብቻ ያፏጫል።

ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን ላሊበላ ውስጥ ጆሮዬ ተዘጋ ያለ ሰው ሐኪም አያጣም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። ብርድ ነው አሉኝ። ኩክ ነው፣ ዘይት ለብ አድርገህ ጠብ አድርግበት አሉኝ። ሳምንቱን በዘይት ጨረስኩት። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ አየችውና ኩክ የሚባል ነገር እንደሌለ ነግራኝ ወደ ደሴ ላከችኝ።

ደሴ የጆሮ ስፔሻሊስቱ ኦዲዮግራም የሚባለውን የመስማት ምርመራ አሠራኝ። «ሰደን ሴንሰሪኒውራል ሂሪንግ ሎስ ይባላል፤ የውስጥ ጆሮህ ነው የተጎዳው» አለኝ። «ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ቶሎ ብትመጣ ይሻል ነበር።» ፕሬድኒሶሎን የሚባል እንክብል አዘዘልኝ።

አስጎብኚ ነኝ። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም። በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ባለው ጨለማ መተላለፊያ አንዲት እንግዳ አዳልጧት ስትጠራኝ በተቃራኒው ሮጥኩ። ሌሎች አነሷት። ጆሮዬ ካልተመለሰ ሥራዬም እንደማይመለስ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራሁ።

ዶክተሩ አንድ ነገር ጨምሮ አዞኝ ነበር፤ «በየጠዋቱ ጤነኛውን ጆሮ በጥጥ ድፈንና በታመመው ብቻ ሙዚቃ ስማ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርገህ።» ይህን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር። መሠረት ወዲያው ሁላችንም ዘፈን የምንጨምርበት የጋራ ፕሌይሊስት በስልክ ከፍታ አስገባችን። እኔ አንድ የማሲንቆ ዘፈን መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በየቀኑ እሱኑ፣ በዚያው የድምፅ መጠን እየሰማሁ ለውጡን ልለካ ነበር። እባካችሁ አትንኩት አልኳቸው።

ማን ሰምቶ! ባጃጅ ነጂው ፍሬው የሙጃ ከተማ ልጅ ነው፤ ባጃጁ ውስጥ የሚያስጮኸውን የሠርግ ከበሮና እልልታ ሁሉ ጫነብኝ። መሠረት የፈረንጅ ለስላሳ ሙዚቃ ደረደረች። አብሮ አደጌ ዲያቆን መልካሙ በሁለት ዘፈን መካከል አንድ መዝሙር ሸጎጥ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ያወጣል፤ የወጣበት ይጣላል። ከዚያ ሁሉም እኔ ዘንድ ይደውላሉ። ዳኛ ያደረጉት ደንቆሮውን ነው!

ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን ነፋው፤ በልቼ አልጠግብ አልኩ። ቁጣም ያመጣል ተብያለሁ። ቁጣዬ ከመድኃኒቱ ይሁን ከጓደኞቼ ግን መለየት አልቻልኩም።

እየቆየ የማሲንቆው ዘፈን ትንሽ ትንሽ የሚሰማኝ መሰለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ጥርጣሬ ያዘኝ። ያን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እየሰማሁ ነው ወይስ እያስታወስኩ? አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም።

ሁዳዴ በገባ ዕለት ጠዋት ጥጡን በግራ፣ ኤርፎኑን በቀኝ አድርጌ ፕሌይሊስቱን ከፈትኩ። ማሲንቆ የለም። አንድ ወፍራም ድምፅ ጢዝ አለ። በገና ነው። ስልኩን ሳየው ዘፈን የሚባል አንድም አልተረፈም፤ ከላይ እስከ ታች በገና። ደሜ ፈላ። እዚያው በኤርፎኑ መልካሙ ዘንድ ደወልኩ።

«አንተ ነህ የነካካኸው?»

«ሁዳዴ ገብቷል እኮ! በጾም ዘፈን ልስማ ነው የምትል?»

«የጆሮዬ መለኪያ ነበር! ማን ንካ አለህ?»

«ለነፍስህ ብዬ ነው። ለፋሲካ እመልስልህ የለም? ደሞ በገና ምን አጠፋ?»

እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ይመልሳል። ድንገት ዝም አልኩ። ጥጡ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ኤርፎኑ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ነው። በገና እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም። መልካሙ የሚመልስልኝንም በቃሌ አላጠናሁም። ሰምቼው ነው።

«ምነው ዝም አልክ? ተቀየምክ እንዴ?»

«ቀጥል» አልኩት። «ዝም ብለህ ተናገር።» እያለቀስኩ ነበር።

ደሴ ተመልሼ ስሄድ ዶክተሩ ሁለቱን ኦዲዮግራሞች ጎን ለጎን ዘርግቶ መሻሻሉን አሳየኝ፤ ሙሉ በሙሉ እንዳልዳንኩ፣ ቀጫጭን ድምፆች ምናልባት እንደማይመለሱ፣ ለሥራዬ ግን የሚበቃኝ እንዳለኝ አስረዳኝ። ፉጨቱ አሁንም አለ፤ ለምጄዋለሁ። በቅርቡ እንግዶች ይዤ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንዱ ከኋላዬ በቀኝ በኩል ተጣራ፤ ዞር ስል ፊት ለፊቴ አገኘሁት፣ እሱም ለምን ያን ያህል እንደሳቅሁ ግራ ገባው።

ነርሷን፣ ዶክተሩን፣ እነዚያን ሦስት አድራቂዎችም ጭምር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆሯችሁ ድንገት ከተዘጋ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምንም ነገር አታንጠባጥቡበት። ሙዚቃ ስሙ ከተባላችሁ ደግሞ የማታውቁትን ዘፈን ሌላ ሰው ይምረጥላችሁ፣ ቢነካኩትም ቻሉት። እኔ መዳኔን ያወቅሁት አብሮ አደጌ ሲያናድደኝ ነው።