ዳገት ላይ መነሳት

ባለቤቴ ከእንግዲህ መኪና መንዳት እንደሌለበት የተነገረን አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሐኪሙ የሁለቱም ዓይኖቹ እይታ ከጎን እየጠበበ እንደሆነ፣ በግራ በኩል ደግሞ አብዛኛው እንደጠፋ ነገረን። የጠፋው አይመለስም፤ የታዘዘለት የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። ባለቤቴ ሁሉንም ሰማና፣ "ሩዙንስ ማን ያመጣዋል?" አለ። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ።

ዓባይ ማዶ በሚባለው ሰፈራችን ከአባቱ የወረሰው የእህል ሱቅ አለን። በየሳምንቱ በአሮጌዋ ፒካፕ ወረታ እየሄደ ከመፈልፈያው ሩዝ ጭኖ ይመለስ ነበር። በእሱ ምትክ የቀጠርነው ሹፌር ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ቁልፉን እያነሳ ወደ በር ሲያይ አገኘው ጀመር። "እኔ እማራለሁ" ያልሁት ደፍሬ አይደለም። እሱ ሲወጣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቁን ስለፈራሁት ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ሳስተምር ዓመታት አልፈውኛል፤ መሪ ግን ጨብጬ አላውቅም ነበር። ሰው ፊዚክስ ማወቋ ይጠቅማታል ብሎ ያስባል። ለእኔ ግን ያበዛልኝ ፍርሃቴን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ በዚህ ፍጥነት አሁን ፍሬን ቢይዝ የት ሄዶ ይቆማል፣ እኛስ ወደየት እንወረወራለን እያልሁ ነው መንገዱ የሚያልቅልኝ።

አሰልጣኙ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ወደ ቤዛዊት የሚያወጣው ዳገት ላይ ያቆመኝና፣ "መምህርት፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ" ይለኛል። ስለቀው ሞተሩ ይጠፋል፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ እኔ እጮሃለሁ። ክፍል ውስጥ ፍሪክሽን እያልሁ የማስተምረው ሰበቃና እግሬ ሥር ያለው ፔዳል ስማቸው አንድ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሳቁ። አንዲቱ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ታዲያ ለምን ይጠፋብዎታል?" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ያው ዳገት ላይ መውጣት ነበረብኝ።

እንዲያም ሆኖ ፈተናውን አለፍሁ። ያለፍሁት ግን ባዶ መኪና ነድቼ ነው።

የመጀመሪያው የወረታ ጉዞ ሲሄዱ ደህና ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያወራል፤ እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳም። ከተጫነ በኋላ ግን መኪናዋ ሌላ ሆነች። ፍሬን ስይዝ ወዲያው አትቆምም፤ ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ጭነቱ ወደ ውጭ ሲያዘነብል በወንበሬ ይሰማኛል። ስንመለስ የሐሙሲትን ከተማ አልፈን አንድ ዳገት ስንጀምር ከፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ከብት ሲሻገር ቀጥ አለ። እኔም ቆምሁ።

ከብቶቹ አለፉ። የጭነት መኪናው ጥቁር ጭሱን ለቆብን ሄደ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ሸርተት አልን፤ ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥሁት። ከኋላዬ ሚኒባስ ተጠግቶ ቆሟል። እንደገና ሞከርሁ፤ እንደገና ጠፋ። ሚኒባሱ ክላክሱን ለቀቀው።

"አልችልም" አልሁ። "ጭነቱ ይስበናል። ሰዎቹ ላይ እንሄድባቸዋለን።"

"ፍሬንሽን እንደያዝሽ ቆይ" አለና ወረደ። ድንጋይ ፈልጎ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ አደረገልኝ፤ ሚኒባሱን በእጁ እንዲያልፍ አደረገው። ከዚያ በእኔ መስኮት በኩል መጥቶ ቆመ።

"ስፖኪዮውን ተይው። ከኋላሽ ማንም የለም" አለኝ። "ቢስሚላህ በይና ነዳጅ ስጪ።"

"ሰጥቼ ነበር እኮ።"

"የሰጠሻት የባዶ መኪና ነው። ጨምሪላት።"

ሰሌዳው ላይ ያንን ዳገት ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! የዕቃውን ክብደት ለሁለት ከፍዬ፣ አንዱ ቀስት መንገዱን ይጫናል፣ ሌላው ቁልቁል ይስባል፤ ክብደቱ ሲጨምር ሳቢውም ይጨምራል እላለሁ። እግሬ ግን የተማረው ባዶዋን መኪና ነበር። እንደ እብድ ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ትንሽ ስለቀው አፍንጫዋ ቀና አለ፤ ከዚያ መንገዱ ከሥሬ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሄድሁ። መቆም ግን አልቻልሁም፤ ብቆም ዳግመኛ የምነሳ አልመሰለኝም። ባለቤቴን መንገዱ ላይ ጥዬው እስከ ዳገቱ ጫፍ ወጣሁ፤ ሜዳ ሳገኝ ቀኝ ዳር ይዤ አቆምሁ።

ወርጄ ወደ ኋላ ዞርሁ። እሱ ከታች በመንገዱ ግራ ዳር እየሮጠ ማለት ይቻላል ይወጣል። በስተጀርባው፣ ከሩዙ ማሳ ወዲያ፣ ጣና በፀሐይ ያብረቀርቃል። ልክ ያኔ ተሳቢ የጎተተ መኪና ከጎኔ አልፎ ቁልቁል ወረደ። ባለቤቴ ወደ እኔ ለመሻገር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። መኪናው የሚመጣው በማያይበት በግራው ነው።

ስሙን ጠራሁ፤ አልሰማኝም። ወደ ጋቢናው ዘልዬ ክላክሱን ተጫንሁና አልለቅም አልሁ። አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገ ቆመ፤ ምን ሆነች ብሎ ቀና አለ። ተሳቢው እየተንጓጓ ከፊቱ አለፈ፤ ልብሱ በነፋሱ ወደ ጎን ተገፋ፤ ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

አቧራው ሲገለጥ እዚያው ቆሟል። ሮጬ ወረድሁ፤ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርሁት አላውቅም። ክንዱን ይዤ ወጣን። ጋቢና ውስጥ ከገባን በኋላ የፊቱን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

"አላየሁትም" አለ።

ከሐኪም ቤት ከወጣን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብዥ ይልብኛል፣ ፀሐዩ ነው ሲል ነው የከረመው።

"ጥዬህ ሄድሁ" አልሁት።

"መሄድሽማ ደግ አደረግሽ። ሳላይ የተጣደፍሁት እኔው ነኝ።" በሩን ሳብ አድርጎ ዘጋው። "መንገድ ላይ ስንሆን በዚህ በኩል ሁኚልኝ" ብሎ ግራ ትከሻውን ነካ።

ላቤ እስኪደርቅ ቁጭ አልን። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ዓባይ ማዶ እስክንደርስ አንድም መኪና አልቀደምሁም።

አሁንም በየሳምንቱ ወረታ የምነዳው እኔ ነኝ። ያ ዳገት ከሩቅ ሲታየኝ መዳፌ ይረጥባል፤ ከብት መንገድ ዳር ባየሁ ቁጥር ፍጥነት እቀንሳለሁ። ገበያ ስንሄድ በግራው በኩል እሆንና ክንዱን እይዛለሁ። ሰው ሲያየን ያፍራል፤ "አላልተሽ ያዢኝ እንጂ" ይለኛል። ትንሽ አላላለታለሁ፤ ባጃጅ ሲመጣ ግን መልሼ አጠብቀዋለሁ።