ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ

ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢዬ ውስጥ ማንም የማያድርባት አንዲት ክፍል አለች። ለአባቴ የሠራኋት ናት። የወረዳው ሲሚንቶ ሁሉ ያለቀው እሷ ላይ ነው፤ ወለሏ ላይ ሄሊኮፕተር ቢያርፍ አይሰነጠቅም። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ አምስት እርምጃ ነው። አምስቱን እርምጃ የለካሁት እንደ አባቴ እያነከስሁ ነው፤ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ስቀውብኛል። ዛሬ በክፍሏ የሚኖረው የሚስቴ የበርበሬ ጆንያ ነው። በርበሬው ተመችቶታል። እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ክረምት አባቴ ከጅጋ ገባ ብሎ ባለው ገጠር፣ ከገዛ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። መሬታቸውን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት መጥቶ እስኪያነሳቸው ዝናቡ ደብድቧቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያነክሳሉ። ምን ሆነው ነው ቢላቸው ሰማዩን እየመረመርሁ ነው አሉት። ቀልዱን ከማን እንደወረስሁት ይታወቅልኝ።

ከዚያ ከእህቴ ጋር ተያያዝን። እህቴ የምትኖረው ቡሬ ነው። እሷ፣ ፍኖተ ሰላም ሙቀት ነው፣ አባባን እንደ በቆሎ እሸት ትጠብሳቸዋለህ ትላለች። እኔ፣ የቡሬ ነፋስ አንድ ቀን በጋቢያቸው አንሳፍፎ ዓባይን ያሻግራቸዋል እላለሁ። በስልክ እንዲህ ስንባባል ነሐሴ አለቀ። በመጨረሻ መሬቱን አስበህ ነው አለችኝ። ሦስት ቀን አላናገርኋትም፤ ሦስቱን ቀን ስለ እሷ ሌላውን ሰው ሁሉ አናገርሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን አባባን የት መኖር እንደሚፈልጉ የጠየቀ የለም። አንዳችንም ትዝ አላለንም።

አሸነፍሁ። በመስከረም አመጣኋቸው። ክፍሏን ዞረው አዩ፤ ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ወህኒ ቤቱም እንዲህ ቢሆን ማንም ባላመለጠ።»

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ጠዋት ጠዋት ከግቢው በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የማን ልጅ ነህ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የፍኖተ ሰላምን ባለባጃጅ ሁሉ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረውት ነበር። እሳቸውን የማን አባት ነዎት ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ ነበር፦ የሰንበቴ ተራቸውን።

በአገራችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ አባላት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለችው የሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፤ ሁሉም በየቦታው መደብ ላይ ይቀመጣል። አባቴ ለብዙ ዓመት የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው ነበሩ። ቦታቸው በውስጥ በኩል ካለው ጥግ ነው፤ ነፋስ የማይደርስበት። አዲስ ገቢ የሚቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው። ተራቸው በጥቅምት ይደርሳል፤ ሚስቴን ጌሾ አስወቅጪ ይሏት ጀመር።

እዚህ ላይ ብልጠቴ መጣች። ብልጠቴ ስትመጣ ሁልጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትገባ። እኒህ ሽማግሌ በዚህ እግራቸው ምን ድግስ አላቸው አልሁና፣ አንድ እሑድ ለእሳቸው ሳልነግር ወደ አገር ሄድሁ። ከሰንበቴው ፊት ቆሜ ከቄሱ ስብከት የረዘመ ንግግር አደረግሁ። አባቴ ደክመዋል፣ ከተማ ገብተዋል፣ ከዝርዝሩ አውጡልን አልሁ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። የአሁኑ ሙሴ ቀስ ብሎ፣ «እሳቸው ናቸው የላኩህ?» አለኝ።

«ራሳቸው ናቸው» አልሁ።

ደብተሩን አወጣና አንድ መስመር ሰረዘ። ዝምታቸውን አክብሮት መስሎኝ ዳቦዬን በልቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ ተመለስሁ። በእኛ ሰንበቴ ሰው ከደብተሩ የሚሰረዘው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ እዚያው ነው ያደግሁ። ከተማ ስኖር ረሳሁት። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እስከ ዛሬ ዘሩን እሰድብ ነበር።

የተራቸው ሳምንት ሲደርስ፣ የሰንበቴ ቤቱ ጣራ እየተጠገነ ነውና ተራው ተላልፏል አልኋቸው። አባባ ከዘራቸውን ወደ አልጋቸው ራስጌ አስጠጉ። እሑድ ጠዋት ስነሳ አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ከዘራው የለም። ረፋዱ ላይ ሙሴው ደወለ። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረ፤ «ና» አለኝ።

እስከ ጅጋ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሮጥሁ። እኔ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እኩል ደረስን። አባባ ከሰንበቴ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከመጨረሻው ቦታ ተቀምጠዋል። የጥጉ ቦታ የተሰጠው ሰውዬ ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አልቀመጥም ብሏል። ሌላው ሁሉ ከፍ ይበሉ እያለ ይለምናቸዋል።

«ሕጉን ያወጣሁ እኔ ነኝ» አሉ አባባ። «ከደብተሩ የሌለ ሰው በበሩ ነው የሚገባ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ልምጣ አልሁ። የአንተ ወገብ ጠጠርም አይችል አሉኝ፤ ሰዉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ገንፍሎ የወጣው።

«ለአንቱ ብዬ ነው እኮ አባባ። ወድቀው የሚያነሳዎት ቢያጡስ?»

«ወደቅሁ፣ ሰው አነሳኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንተ ግን ቆሜ ሳለሁ ሰረዝኸኝ።»

እኔ፣ ለለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው፣ ተነሥቼ የጉልበቴን አቧራ አራገፍሁ።

አባባ ወደ ፍኖተ ሰላም አልተመለሱም፤ ከገዛ ቤታቸው ቀሩ። በኅዳር ሰንበቴውን እንደ አዲስ ገቡ። ጠላውን በጄሪካን የተሸከምሁ እኔ ነኝ፤ ዳቦውን ከቡሬ ጋግራ ያመጣች እህቴ ናት። በአንድ ባጃጅ፣ ዳቦውን እንደ ሽማግሌ በመካከላችን አስቀምጠን፣ ሳንነጋገር ሄድን። ልንወርድ ስንል ብቻ፣ ቡሬ ቢመጡ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር አለች። ዳቦውን ልወረውርባት ነበር፤ የሰንበቴ ሆነብኝ እንጂ።

አባባ አሁንም ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡ፤ ነፋሱ በጀርባቸው ይገባል። ሙሴውን፣ ወደ ጥጉ እንዲመለሱ እዘዛቸው ብዬ ብለምነው፣ እሳቸውን ማን ያዛል ብሎኝ እርፍ። ያ መሬታቸውን የሚያርሰው ጎረቤት ደግሞ ከደጃፋቸው እስከ ሽንት ቤቱ የባሕር ዛፍ አጣና አጋድሞ መደገፊያ ሠርቶላቸዋል። ጠማማ ነው፤ ፍየል ያኘከው ይመስላል። እሱን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኔ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት የሚያብለጨልጭ መያዣ ክፍሏ ውስጥ ተሰቅሎ በርበሬ ይጠብቃል።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት፣ ይመጣሉ ወይ አልኋቸው። ክፍሏ ውስጥ አሁን ምን አለ አሉኝ። በርበሬ አልሁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣

«እንዳታፈርሳት» አሉኝ። «ለራስህ ትሆንሃለች። አንተ እንደሆነ ሰንበቴም የለህ።»

ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ የምመልሰውን ሳዘጋጅ መጣሁ። አሁንም እያዘጋጀሁ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለማንም አልናገርም።

ትናንት ጆንያውን ገፋ አድርጌ አልጋው ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ሰንብቷል። ተነሥቼ እስከ ሽንት ቤቱ ሄድሁ፤ አምስት እርምጃ ነው። አነካከሱ የራሴ ነበር።